የበረሃው ፍል ውሃ

«ማሚ፣ የትኛው ይሻላል?» አለችኝ ሔርሞን።

ልጄ አውስትራሊያ፣ በረሃ መሃል ቆማለች። እኔ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ ፎረስት ፓርክ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ነኝ። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌዋለሁ። እኛ ጋ ገና አልመሸም፣ የጁላይ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ነው። እነሱ ጋ ግን የነገው ጠዋት ሆኗል፣ ብርድም ነው። ሔርሞን ስታወራ ከአፏ እንፋሎት ይወጣል።

ድንበሩ በኮሮና ሁለት ዓመት ተዘግቶ ሲከፈት፣ እዚያ የምትኖረውን ታላቅ እህቴን እትዬ ሰገነትን አይታልኝ እንድትመጣ የላክኋት እኔ ነኝ። እትዬ ሰገነትና ባሏ ጋሼ ሀይሉ አገሩን ሊያሳዩዋት በመኪናቸው ይዘዋት ወጡ። መንገድ ላይ ሁለት ፍል ውሃ አገኙ። አንዱ ከተማው ውስጥ ነው፤ የሲሚንቶ ገንዳ፣ መያዣ ብረት ያለው፣ ክሎሪን የገባበት። ሌላው ከከተማው ሃያ ደቂቃ ያስነዳል፤ ከምድር ሥር በቧንቧ ወጥቶ ሜዳው ላይ የተኛ፣ ዙሪያው ጭቃና ሣር። አሁን የቆሙት እዚህኛው ጋ ነው። በምሳ ሰዓት ጉዞ ይቀጥላሉ፣ ለሁለቱም ጊዜ የላቸውም።

«ምን ጥያቄ አለው?» አለች እትዬ ሰገነት ከልጄ ጀርባ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። «የከተማው መድኃኒት ገብቶበታል። መድኃኒትማ ቤቴም ሞልቷል። ይሄ ይሸታል። የሚያድነው የሚሸተው ነው።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ራሷን ሲያማት ኖሯል። ሐኪም ያልሰጣት ክኒን የለም። ከመነሳታቸው በፊት ደውዬ፣ «ፍል ውሃ ካገኘሽ ቁርስ ሳትቀምሺ ግቢ፣ ራስሽን ሦስት ጊዜ ንከሪው» ያልኳት እኔው ነኝ። እናታችን ፍል ውሃ ስትወስደን እንደዚያ ነበር የምታደርገን። ይኸው ጠብታ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ መጥታለች።

ጋሼ ሀይሉ ቀድመው ገብተዋል። «ከዛሬ ጀምሮ አድራሻዬ እዚህ ነው፤ ፖስታዬን ላኩልኝ!» ይላሉ ከውሃው ውስጥ።

ባሌ ቶሎሳ ጋሃና ከኤርፖርት ሥራው ገና መግባቱ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ከጀርባዬ አንገቱን አስግጎ አየ።

«ሙሉ፣ ይሄ ከብት የሚጠጣበት ነው እንዴ?»

«ዝም በል አንተ።»

ሔርሞን ሜዳውን ልታሳየኝ ስልኩን ስታዞር አንድ ሰሌዳ አለፈ። ፀሐይ አንጥቶታል።

«ሔርሚ፣ መልሺው። ሰሌዳውን አሳዪኝ።»

«ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ሩልስ። ‹ልጆቻችሁን ጠብቁ› ምናምን ነው።»

«አሳዪኝ አልኩሽ!»

እሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታነብ ስላደገች ሰሌዳ አይታያትም። እኔ የጀመርኩት ባለፈው ዓመት ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ክላስ እየሄድኩ። ያየሁትን ሁሉ ሳላነብ ማለፍ አልችልም። የሻምፑ ጠርሙስ እንኳ እስከ መጨረሻው አነባለሁ።

«ዱ ኖት» አልኩ። ይህን አውቀዋለሁ፣ «አታድርጉ» ማለት ነው፤ ካናል ዊንቸስተር የምሠራበት መጋዘን ካርቶኑ ሁሉ «ዱ ኖት» ነው የሚለው። «ፑት»። «ዩር»። የሚቀጥለውን ያስተማረኝ መጋዘኑ ውስጥ ዝቅ ያለው ብረት ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ነው፤ በየቀኑ ጎንበስ ብዬ በሥሩ አልፋለሁ። «ሄድ።»

እትዬ ሰገነት ጉልበቷ ድረስ ገብታለች።

«አንደር» አልኩ። ከዚያ ምን እንዳነበብኩ ገባኝ። «እትዬ፣ ቁሚ! ራስ አይነከርበትም ይላል!»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰሌዳው።»

«ማን አነበበው?»

«እኔ።»

ልጆች ሳለን ትምህርት ቤት የሄደችው እትዬ ሰገነት ናት፤ እኔ ታናናሾቻችንን ልጠብቅ ቤት ቀረሁ። ደብዳቤዬን ሁሉ ስታነብልኝ የኖረችው እሷ ናት። የቶሎሳን የመጀመሪያ ደብዳቤ ሳይቀር ጮክ ብላ፣ ሰው ፊት። በሕይወቴ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አታድርጊ ብዬ አዝዣት አላውቅም። አሁን ካልሰማችኝ ምን አደርጋለሁ? እጄን በስልክ ውስጥ ሰድጄ አልጎትታት።

«ሙሉዬ» አለች፣ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ጨምራ። «ሦስቴ ንከሪው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

«እንግዲያ ከሁለቱ ሙሉወርቅ የትኛዋን ልስማ?»

«የምታነበዋን» አለ ቶሎሳ ከኋላዬ።

ሔርሞን ወደ ሰሌዳው ተጠጋች። ከሥር የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች።

«ኦ ማይ ጋድ! አንቲ፣ ሺ ኢዝ ራይት። ሙቅ ውሃው ውስጥ በአፍንጫ ገብቶ ሰው የሚገድል ነገር ሊኖር ይችላል ይላል። እስከ አንገት ብቻ ነው የሚገባው።»

እትዬ ሰገነት ወደ እሷ አልዞረችም። የምታየው ስልኩን፣ እኔን ነበር።

«እስኪ ሙሉዬ፣ አንዴ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። አሁን ሳልቆራርጥ፣ ከ«ዱ» እስከ «ወተር»።

«አነበበች!» ብላ በሁለት እጇ ውሃውን መታችው። «ሀይሉ፣ ሰማህ? ሙሉዬ አነበበች እኮ!» ሳቋ ስልኩን አንቀጠቀጠው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፣ እግሯን አደረቀች። «በሉ፣ ርቦኛል። ቁርስ በልተን የከተማው ገንዳ እንገባለን። መድኃኒቱንም እችለዋለሁ።»

«እኔ ንቅንቅ አልልም» አሉ ጋሼ ሀይሉ። «የእኔ ራስ ደህና ነው።»

«ማን ነው ደህና ነው ያለህ?»

«በምሳ ሰዓት መጥታችሁ ውሰዱኝ!»

መሪውን የያዘችው እትዬ ሰገነት ናት። ሔርሞን ስልኩን ወደ ኋላ መስኮት አዞረችልኝ፤ እኔና ቶሎሳ ራሳችንን አጋጥመን አየን። እህቴና ልጄ ሄዱ። ጋሼ ሀይሉ ቀሩ፤ በእንፋሎቱ መሃል አንገታቸው ብቻ፣ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ።