ያደረ ቅኔ

ልጄ ይትባረክ ልጁን ወለላን ከትምህርት ቤቷ ላወጣት ነው ብሎ ቆርጦ ነበር። የመንግሥት ነው፣ ግን እንደ ድሮው ነው የሚያስተምሩት። ልጆቹ ጆሯቸው ላይ ያለውን፣ ዛሬ ሰው ሁሉ በራሱ ማስታወስ ትቶ የሚደገፍበትን አስታዋሽ መሣሪያ በር ላይ አውልቀው ይገባሉ፤ ግዕዙንም ቅኔውንም በቃላቸው ነው የሚይዙት። «የሰው ልጅ ሁሉ በጆሮው እየተነገረው፣ የኔዋ ቁጭ ብላ ታነበንባለች» ይላል።

የምራቴ የሰናይት ሙት ዓመት ዕለት፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይትባረክ ስለ ሚስቱ ሊናገር ተነሣ። ለካ የከተማው አስታዋሽ ሁሉ ለጥገና ተቋርጧል። «ሰናይት... ሰናይት...» አለና ቀረ። ጎረቤታችን ዘነቡም ሟቿ ቀይ ትሁን ጠይም ጠፍቷት መሬት መሬት ታያለች። እኔማ አስታዋሽ ስለማላደርግ አውቃለሁ፤ ግን ልጄ ጉዱን ይየው ብዬ ሆን ብዬ ተውኩት።

ወለላ ብድግ ብላ በግዕዝ ተቀኘች፣ ከዚያ በአማርኛ ፈታችልን። ቅኔዋ እንደሚለው እናቷ ምስር ወጡ ባረረባት ቁጥር በሳቅ ትፈርስ ነበር፤ ሰፈሩም ምሳ መድረሱን በሳቋ ነበር የሚያውቀው። ይትባረክ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ነገ ጆሮዬ ሲሠራ ትደግሚልኛለሽ፤ እቀዳዋለሁ» አላት።

«ያደረ ቅኔ አይባልም አባዬ፤ አንዴ የተቀኙት አይደገምም። ነገ ሌላ ነው የምቀኘው፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከቆየሁ።»

በማግስቱ ቦርሳዋን ራሱ ተሸክሞ አደረሳት። ማታ አዲሱን ቅኔ ሰማን። እኔም ዘነቡን በአጥር በኩል ጠራኋትና፣ «የዛሬውን ሳትሰሚው ቀረሽ አይደል? በይ ተይው፣ አይደገምም» አልኳት።