በሩ ያላወቀው አጥንት

ቤት ሁሉ ቁልፍ ጥሎ ሰውን በአጥንቱ መለየት ከጀመረ ወዲህ፣ ቢሻው በገዛ ደጁ ባዕድ ሲባል ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ይህ አጥንት የአቶ ቢሻው አይደለም» አለ በሩ፤ ያነሳውንም ምስል ግድግዳው ላይ አበራው። ቅልጥሙ ወፍሮ እንደ ማጭድ ጎብጧል፣ የራስ ቅሉም ሰፍቷል። ከሥሩ «የቆየ የአጥንት በሽታ» ይላል።

ሚስቱ ትርንጎ ወጥታ ምስሉን ስታይ አፏን ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ለካ እውነትህን ነው?»

«ወንድምሽ ደምሰው ‹የሚያነክሰው ሥራ ሲጠላ ነው› እያለ ሲያላግጥብኝ፣ አብረሽው ትስቂ አልነበረም?»

«ይቅር በለኝ። ባሌ ነው ብዬ ላስከፍተው፤ ግባና እግርህን አሳርፍ።»

ቢሻው እግሩ እየከዳው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ቆይ፣ ከገባሁ ምስሉ ይጠፋል» አለ። «ወንድምሽን ጥሪው፤ እስኪመጣ እዚሁ እቆማለሁ።»