ካልሲው ይቀድማል

አንድ የኮምፒውተር ማዕከል ሺህ ኮምፒውተሮቹን በየተራ የሚያስነሳለት ፕሮግራም ሲመርጥ የይርጋን እንጂ የምትኩን አልወሰደም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚቀዳው ከሰው አእምሮ ነው፤ ምን ከምን እንደሚቀድም ማወቅ ከባለቤቱ ጨርሶ ወጥቶ ወደ ማሽኖቹ ይሄዳል። ምትኩ አንጀቱ እያረረ፣ እንኳን ደስ ያለህ ሊለው ጓደኛው ይርጋ ቤት ሄደ።

ይርጋ ለልጁ ጫማ አጥልቆላት፣ ካልሲውን በላዩ ላይ ሊያለብሳት ሲታገል ምትኩ ደረሰ።

“አባዬ፣ ካልሲው እኮ ነው የሚቀድመው” አለች ልጅቱ እየሳቀች።

“ሺህ ኮምፒውተር በየተራው የሚያስነሳ ሰው እኮ ነው” አለች ሚስቱ ወይንሸት፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። “እስቲ ምትኬ፣ አንተ አድርግላት።”

ምትኩ ተንበርክኮ አደረገላት። ይርጋ የምትኩን እጆች ትክ ብሎ አየ። ምትኩ የጫማውን ክር እየቋጠረ ያሰበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሚቀጥለው ምርጫ ምነው የእኔን በወሰዱልኝ።