ለሙሉሸዋ የተቀዳ

ሙሉሸዋ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ቤታቸው ያለበትን ሕንጻ አምስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ ስትጨርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሊፍቱ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ሕንጻውን የሚጠብቀው ኬርቴከር በየፎቁ የሊፍቱ በር ላይ «ኢሜሃሪቢካ» የሚል ካርቶን አንጠልጥሎ፣ «ፉንዲ ኬሾ» ብሎ ተገላግሏል። ተበላሽቷል፣ ጠጋኙም ነገ ነው ማለቱ ነው።

እሷን ግን የቸገራት ሊፍት አልነበረም። ባሏ ወንዳፍራሽ ጠፍቷል።

ጎህ ሲቀድ ጊጊሪ ወዳለው የስደተኞች ቢሮ ሄዳ ሰልፍ ይዛለት ነበር። የሰባት ዓመት ስደታቸው የሚቋጭበት ቃለ መጠይቅ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ እሱ ለባብሶ ሊከተላት ተስማምተዋል። አልመጣም። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አብራችሁ ካልቀረባችሁ ፋይላችሁ ይዘጋል» አለቻት።

ቤት ስትገባ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጫማው የለም። ላፕቶፑ ተቆልፏል፤ በተቆለፈው ስክሪን ላይ ግን አንድ የድምፅ ቅጂ እየተጫወተ ነው። ስሙ «ለሙሉሸዋ» ይላል።

ወንዳፍራሽ ጉሮሮውን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ወዲህ ሐኪሙ ለሁለት ወር ቃል እንዳይተነፍስ ከልክሎታል። ሲፈልጋት እንኳ ግድግዳውን ሦስቴ ኳ ኳ ኳ ያደርጋል፣ እሷም «አቤት!» ትላለች። ይህን የቀዳው እንግዲህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው። ትናንት ደግሞ ወረቀት ላይ «እኔ ባልኖር ብቻሽን ይወስዱሽ ነበር?» ብሎ ጽፎላት፣ ስቃ አልፋዋለች። የሰው ሆዱ፣ የወፍ ወንዱ አይታወቅም። ጥሏት ሊሄድ አስቦ መሰናበቻውን ቀድቶ ነው የከረመው!

ደቂቃው ይቆጥራል፤ ድምፅ ግን የለም።

ከላይኛው ፎቅ ጢሞቴዎስን ጠርታ አመጣችው። ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናቸውንም ድምፅ ማጉያ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ምናልባት ወንዳፍራሽ ይመጣ እንደሆነ ብላ በሩን ክፍት ተወችው።

«ሊኑክስ ነው እህት ሙሉ። ፓስወርዱን ካላወቅሽ መግባት አይቻልም። ግን ማጫወቻውና ቮልዩሙ ሎክ ስክሪን ላይም ይሠራሉ።»

መቶ ድረስ ከፍ አደረገው። ዝም።

«መስኮቱን ዝጊልኝ፤ በዚህ ኮንስትራክሽን ምን ይሰማል?» ጎረቤት ያለው ጅምር ሕንጻ ከማለዳ ጀምሮ በመዶሻና በመብሻ ሰፈሩን አደንቁሮታል። ዘጋችው። አሁንም ዝም።

ጢሞቴዎስ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት አሳያት። «ድምፁ ወደ ማዳመጫ እየሄደ ነው። ገመድ የሌለው፣ በጣት እየነኩ የሚያዙት አለው አይደል? እዚሁ ነው ያለው፤ ከአሥር እርምጃ አይርቅም።»

«ስልኩን የጣለ ማዳመጫውንም ጥሎታላ!» አለች። አልጋውን ገለበጠች፣ የኮቱን ኪሶች በረበረች፣ የሩዙን ጣሳ ሳይቀር ከፍታ አየች። የለም። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆነ።

«ኪቦርዱም ታሟል» አለ ጢሞቴዎስ ቁልፎቹን እፍ እያለ። «ከመጣሁ ጀምሮ ቮልዩሙ በራሱ ይወጣል፣ በራሱ ይወርዳል።»

«ምናለበት አንድ ቃል ብሰማ!» ሙሉሸዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። «ጥዬሽ ሄድኩ ይበለኝና ይቁረጥልኝ!»

«ፖሌ፣ አይዞሽ እህቴ፣ አታልቅሺ። ይቺን የአውሮፕላን ምልክት ያለባትን ቁልፍ ስጫናት ማዳመጫው ይቋረጣል፤ ከዚያ በላፕቶፑ በራሱ ስፒከር ትሰሚዋለሽ።»

ቅጂው ቆመ። ቀጠለ። ቆመ። ቀጠለ። ቆመ። ቀጠለ።

ጢሞቴዎስ እጁን አንሥቶ «እኔ አልነካሁም» አለ።

ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሦስቴ ቆሞ ሦስቴ ቀጠለ።

«በቃ፣ ሙሉ በሙሉ ተበላሸ» ብሎ ጣቱን ወደ ቁልፏ ሰደደ።

«አቤት!» አለች ሙሉሸዋ፣ ሳታስበው ከአፏ አምልጧት፤ ዓይኗም በክፍቱ በር አልፎ፣ ፊት ለፊት ካርቶን የተንጠለጠለበት የሊፍት በር ላይ ተተከለ።