የዝምታ ሽልማት

መምህር ይርዳው አርጩሜውን የሰበረው በሰማንያ ሁለት ሕፃናት ፊት ነው። "ከዛሬ ጀምሮ ግርፊያ ቀርቷል። ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሳያወራ የቆየ ደብተር ይሸለማል" አላቸው። ሌሎቹ መምህራን "ያለ ዱላ? እስኪ እናያለን!" ብለው ሳቁበት።

አዩ። ሦስተኛ ክፍል ዝንብ ብትበር የምትሰማበት ሆነ። ስንዱ የምትባል ሚጢጢ ልጅማ ስድስት ሳምንት በተከታታይ አሸነፈች። ሰኞ ሰኞ ሰንደቅ ዓላማው ሥር እጇን ይዞ "እንደ እሷ ሁኑ!" ሲል ተማሪው ሁሉ ያጨበጭብላታል።

በሰባተኛው ሰኞ እናቷ ስድስቱን ደብተሮች በነጠላዋ ጠቅልላ ሰልፉ ጋ መጣች። ልታመሰግነው መስሎት ፈገግ አለላት።

"መምህር፣" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤት ውስጥ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ከልጆች ጋር ስትውል አፏን ትፈታ ይሆናል ብዬ ነው ያስመዘገብኳት። እባክዎ፣ እዚህስ ታወራለች?"

ድምጿን አንድ ቀን እንኳ ሰምቶ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። ሰባተኛው ደብተር እጁ ላይ ነበር። የክፍሉ አለቃ የስንዱን ስም ጠራች፤ ጭብጨባው ቀለጠ።