ጉዳይ የሚጠይቅ በር

የቢዝነስ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተማሪዋ ምንትዋብ ለመመረቂያዋ የሠራችው ሥርዓት አሁን በሰፈሩ በር ሁሉ ላይ ተገጥሟል። በሩ የሚከፈተው ጉዳዩን ለተናገረ ሰው ብቻ ነው።

ከሰዓት ላይ የነምንትዋብ ጎረቤት እትዬ አስካለ ጨው የሞላ ብርጭቆ ይዘው መጡ።

«ጉዳይዎ?» አለ በሩ።

«ትናንት የተበደርኩትን ጨው ልመልስ።»

ተከፈተ። የምንትዋብ እናት ብርጭቆውን ተቀብላ አስቀመጠችውና ጨዋታ ጀመሩ።

«እትዬ፣ ትናንትም ጨው ሊመልሱ አልነበር የመጡት?» ብላ ሣቀች ምንትዋብ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ እንዲሁ ላያችሁ ነው የመጣሁት ስለው በሩ አይከፈትልኝም።»

ምንትዋብ በሩ የሚቀበላቸውን ጉዳዮች ዝርዝር ስታዘጋጅ፣ እንዲሁ የሚመጣ ሰው ጨርሶ ትዝ አላላትም ነበር። ፊቷ ጋለ፤ አንገቷን ደፋች።

እትዬ አስካለ ሊሄዱ ሲነሱ እናቷ ያንኑ ብርጭቆ መልሳ አስያዘቻቸው።

«ይያዙት እትዬ፣ ነገም እንዲያስገባዎት።»