ለጦሩ የሚቆም ሰው ጠፋ

አስር ፍሬ ቦሎቄ ቆጥሬ በሙሽራው መዳፍ ላይ ሳደርግ፣ ጋሽ አሳምነው ከኋላ መጥተው እጁን ይይዙታል።

«ቆይ እስቲ። ምንድን ነው የምታሲዘው?»

ጋሽ አሳምነው የሙሽሪት አጎት ናቸው። ኦክላንድ መሐል ካለው ሌክ ሜሪት ሐይቅ ዳር ፎቶ ሊነሡ ከመጡት አርባ ሰርገኞች በዕድሜ የሚበልጧቸው እትዬ የሺሃረግ ብቻ ናቸው። ጋሽ አሳምነው ካልጀመሩ ማንም እንደማይጀምር ስለማውቅ ቀስ ብዬ አስረዳለሁ። ቦሎቄው የመንግሥት በጀት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት አምስት ጠርሙሶች ጦር ሠራዊት፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና፣ መኖሪያ ቤትና ላይብረሪ ናቸው። ሰው ሁሉ አስሩን ፍሬ ደስ እንዳለው ያከፋፍላል። ሁለት መቶ ሰው ከሞላ፣ አንዲት የከተማው ምክር ቤት አባል ውጤቱን ለምክር ቤቱ ለማቅረብ ቃል ገብታለች። አንድ ሰው ቢጎድል አትነካውም። ከጠዋት ጀምሮ ቆመን ያገኘነው መቶ ስልሳ አራት ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ጠረጴዛውን እናነሣለን።

«ትዌንቲ ሚኒትስ» ትለኛለች ሊሊ በጆሮዬ። የሰላም ኮሚቴያችን ጸሐፊ ናት። ኦክላንድ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛ አንድም ቃል አያመልጣትም፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ጋሽ አሳምነው አገር ቤት ሻለቃ ነበሩ፤ አሁን ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራሉ። «ጦር ሠራዊት» የሚለውን ጠርሙስ አንሥተው ወደ ፀሐይ ያዞሩታል። ታች ጥቂት ፍሬ ተኝታለች።

«ይኼ ምን አድርጎ ነው እንዲህ የተራበው?»

«ሰዉ ነው የወሰነው፣ ጋሼ።»

«ማን ተናገረለት?»

«ማንም። እዚህ ለቆምነው ለእኛ ሰውን ማግባባት ክልክል ነው።»

ወደ ሰርገኞቹ ይዞራሉ። «ሰማችሁ? የአንዱን ወገን ቃል እንኳ ሳይሰሙ በሌለበት ፈርደውበታል።»

ሰርገኞቹ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ነገሩ ነውር ነው። ጋሽ አሳምነው ሐይቁ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር መሐል ይቀመጣሉ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ሳይጠሩ መጥተው በግራና በቀኝ ይቀመጡላቸዋል። ሽምግልና ተጀመረ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ሊሞው በሰዓት ነው የሚያስከፍለን» ይላል ሙሽራው።

«አንተ ዛሬ ሙሽራ ነህ፤ ዝም በል። ለጦሩ የሚቆም ማን አለ?»

ሁሉም እሳቸውን ያያሉ።

«እኔማ ዘመዱ ነኝ። ዘመድም ዳኛም መሆን አይቻልም።» ዓይናቸው እኔ ላይ ያርፋል። «አንተ ቁምለት።»

«እኔ? እኔ እኮ የሰላም ኮሚቴ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ኮሌጅ ጨርሰሃል ብለውኛል። ለራስ ወገንማ ያልተማረም ይናገራል።»

ሊሊ እጅጌዬን ትጎትታለች። «ሜክ ኢት ባድ» ትላለች።

ልክ ናት። ሆን ብዬ ሁለት ልፍስፍስ ዐረፍተ ነገር ተናግሬ ብቀመጥ ነገሩ ያልቃል። ችግሩ፣ ጠርሙሱን ሳየው እውነትም ማንም አልተናገረለትም።

«አላሜዳ ያለው የባሕር ኃይል ቤዝ ሊዘጋ ነው» እላለሁ። «ከመካከላችሁ እዚያ ካፍቴሪያ የምትሠሩ አላችሁ። ሲዘጋ የት ትሄዳላችሁ?»

ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት «በለው» ትላለች።

«ሙሽራው ሳን ሆዜ አብሮኝ ነው የተማረው። አሁን ሳኒቬል ቁጭ ብሎ የሚነድፈው ራዳር ለማን ነው? ይኼ ሊሞስ በማን ደመወዝ መጣ?»

ሙሽራው ጫማውን ያያል፤ ሚዜዎቹ ይስቃሉ። ማቆም ይገባኝ ነበር። አላቆምኩም።

«የሰፈራችን ልጆች ኮሌጅ መክፈል ሲያቅታቸው የወታደር ዩኒፎርም ለብሰው ነው የተማሩት። ደግሞ ወታደር ጦርነት አይመርጥም። ሌላው ይመርጥለታል፤ እሱ ይሄዳል።»

ጋሽ አሳምነው መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ይወለውላሉ። አንድ ሰው ያጨበጭባል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል።

«ዩ ጀስት ኪልድ አስ» ትለኛለች ሊሊ። ለስምንት ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ይቀራል።

ሦስቱ ሽማግሌዎች አንገት ለአንገት ገጥመው ይንሾካሾካሉ። ከዚያ ጋሽ አሳምነው ይነሣሉ።

«ጠበቃው መልካም ተናግሯል። ሃያ ሁለት ዓመት ሳገለግል እንዲህ አድርጎ የተናገረልን አላጋጠመኝም።» መነጽራቸውን መልሰው ያደርጋሉ። እኔ ሊሊን ማየት አቅቶኛል። «ባላጋራው እንኳ እንዲህ የሚከራከርለት ሰው፣ ወዳጆቹ ምን ያህል ይሉለት ይሆን? እሱ አይራብም። እነዚህ አራቱ ናቸው ቆሞ የሚናገርላቸው ያጡት።»

አራት ፍሬ ለትምህርት ቤቱ፣ ለቀሩት ሦስት ጠርሙሶች ሁለት ሁለት ይጥላሉ። ከኋላቸው ሰልፉ ይያዛል። ሙሽሪት ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ሙሽራው ከእሷ ቀጥሎ፣ ሚዜዎቹ፣ ባለ ቢጫ ቀሚሷ፣ ፎቶ አንሺው ጭምር። ሊሊ ሁለት መቶኛዋን ጭረት ስትጭር እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ይበሳዋል።

እትዬ የሺሃረግ መጨረሻ ይመጣሉ። ዘጠኙን ጤና ውስጥ አንድ በአንድ ይጥሉና አንዷን ፍሬ ይዘው ፊቴን ያያሉ። መሐረብ አውጥተው ግንባሬን ይጠርጉልኛል።

«እንዲህ ላብህ ጠብ እስኪል ለፍተህ» ይላሉ፣ «በባዶ እጅህማ አትመለስም።»

ፍሬዋን በጦሩ ጠርሙስ ውስጥ ይጥሉልኛል።